በደወሉ ወገብ ላይ ያለው ስፌት

ጋፋት፣ ሚያዝያ ፪፣ ጠዋት

ነሐስ የማፈስበትን የቅርጽ አፈር ነፍቼ ገና መቀመጤ። ጣቶቼ ጥቁር ናቸው፤ ማስታወሻዬ ሆይ፣ ታገሺኝ። ያፈሰስኩትን የቅ/ሚካኤልን አዲስ ደወል ዛሬ መቱት። እንደ ነቃ ገንቦ ጮኸ። ነሐሱን ቤት ለቤት የለመነችው የእህቴ ልጅ ውብነሽ ናት። ሴቶቹ አምባራቸውን ከክንዳቸው አውልቀው ሰጥተዋታል። አሁን ወይ ደወሉን ወይ አምባራችንን እያሏት ነው። ከምንጭ ስላባረሯት መውረድ ፈርታለች። እንስራውን እኔ ላዝልልሽ ብላት ሳቀች፤ ሳቋ ግን አልቆየም።

ማታ

ደወሉን ሰበርነው። ወገቡ ላይ ለሁለት ተከፈለ፣ ቀጥ ብሎ። ወዲያው ገባኝ። ያኔ ነሐሱን ወደ ቅርጹ እያፈሰስን ሳለ አባ፣ የደብሩ ቄስ፣ መስቀል ይዘው ብቅ አሉ። መስቀል እያየ ማን ያፈሳል? ማቅለጫውን አስቀምጠን በየተራ ተሳለምን። እስክንመለስ የታችኛው ረግቷል።

ሚያዝያ ፫

ለሙከራ ሁለት የነሐስ ዘንግ አፈሰስኩ። አንዱን ሳላቋርጥ፣ ሌላውን ለመሳለም ያህል አቁሜ። ያልተቋረጠውን በቁመቱ ስሰነጥቀው ደስ አለኝ። ነሐስ ሲረጋ ቅንጣቶቹ ጎረቤታቸውን እያዩ ያድጋሉ፤ አዲሱ ከሥሩ ያለውን አቅጣጫ ይዞ ይቀጥላል፣ በዘፈን ተቀባይ አውጪውን እንደሚከተል። የተቋረጠው ግን ገና ሳልመታው ተላቀቀ። የላዩ ለብቻው፣ የታቹ ለብቻው፤ መሃላቸው ጥቁር ቆዳ።

ለውብነሽ አሳየኋት። "ታዲያ አጎቴ፣ አባን መስቀልዎን ይደብቁ ሊሏቸው ነው?"

አንቺ በያቸው አልኳት።

"ከምንጭ መባረሬ አነሰ?"

ሚያዝያ ፬

አባ ዘንድ ሄድኩ። ስብራቱን ደጋግመው አገላበጡት። በረከት ነሐስ ይሰብራል ልትል ነው? አሉ። የሰበረውስ የእኛ መሳለም ነው አልኩ። መስቀል ቀርቦልኝ ዝም ብል አይቀጡኝም? ብላቸው፣ እቀጣሃለሁ አሉ፣ ሳያፍሩ። ችግሩ እሱ ነው አልኳቸው። ሳቁ። እሳቱ ሳይነድ ሊባርኩ ተስማሙ።

ግን አባን አውቃቸዋለሁ። ነገ ደወሉ ዳግም ሲፈስ መምጣታቸው አይቀርም፤ ከመጡም እጃቸው ወደ መስቀሉ ይሄዳል። ስለዚህ ቆርጫለሁ፤ ወናፉን የሚነፉት እሳቸው ናቸው፣ በሁለት እጃቸው። በረከት ነው ብዬ እለምናቸዋለሁ፤ እምቢ አይሉም።

ሴቶቹን ጠርታ እንድታቆማቸው ውብነሽን ልኬያታለሁ። ዓይናቸው እያየ ይፍሰስ። ቅርጹ እስኪሞላ ለማንም ጎንበስ አልልም፤ ከዚያ ወዲያ አባ የፈለጉትን ያህል ያሰግዱኝ።