ቃጠሎ የምንላት ሴት

ሐሙስ፣ መጋቢት 12 ቀን፣ ከቀትር በኋላ

ለአንዲቷ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ? የትልቁ ሳል ለቀቀው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ፊደሌ ከተጣመመብሽ ግን እርጅና ነው ብለሽ አትለፊው። ፈርቼ ነው።

ባለፈው በስልክ «ቃጠሎ አለች እንዴ?» ብለሽ ስትስቂ እኔም አብሬሽ ሳቅሁ። በማግስቱ እሑድ ቄሱ «በሐሰት አትመስክር» የሚለውን አነበቡ። እሷ ከፊቴ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሰው ለቁርባን ሲነሣ እኔ ከወንበሬ ሳልነሣ ቀረሁ። በሰባ ስምንት ዓመቴ ከእግዚአብሔር ፊት እንደ ልጅ ተደበቅሁ።

ቄሱ ዘንድ ሄጄ ተናዘዝሁ። የስፌት ቤቱ ኃላፊ ሳለሁ የቤተ ክርስቲያኑ የመንበር ልብስ በካውያ መቃጠሉን፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት መጽሐፍ ቅዱስ ይዤ «ካውያውን ላዩ ላይ የተወችው ልብስ ተኳሿ ናት» ብዬ መማሌን፣ ሴትዮዋ ተባርራ ቃጠሎ የሚለው ስም የወጣላት በእኔ መሆኑን ነገርኋቸው። ካውያውን ማን እንደ ተወው ግን አልነገርኋቸውም። እሱን አንቺ ታውቂዋለሽ። አሥራ አምስት ዓመትሽ ነበር፤ በዕረፍትሽ ልትረጂኝ መጥተሽ።

«እግዚአብሔር ሰምቶዎታል፤ እሷ ግን ገና አልሰማችም» አሉኝ።

ማክሰኞ ቤቷ ሄድሁ። በሩን ከፈተችልኝ። ምን እንዳልሁ ታውቂያለሽ? የአንገት ልብሴን አውልቄ «ይህን ትተኩሽልኛለሽ?» አልኋት።

«እትዬ፣ ለቃጠሎ ካውያ ያስጨብጣሉ? ደፋር ነዎት» ብላ ሳቀች።

ጨርቁን ረጨችው። የካውያውን ሙቀት በረጠበ ጣቷ ሞክራ ከጠርዙ ጀመረች። ለእኔ ወንበር ልታቀርብ ስትዞር እንኳ ሶኬቱን ነቀለች። ያን ሁሉ ዓመት ሠራተኛ ሳሠለጥን እንዲህ ያለ እጅ አላየሁም።

«ጥንቃቄሽ!» አልኋት።

«ያኔ ነው የለመድሁት። መጀመሪያ አልተውሁትም ብዬ አለቀስሁ። ኋላ ግን እርስዎን የመሰለ ሰው መጽሐፍ ይዞ ከማለ ረስቼው ይሆናል አልሁ። ይኸው እስከ ዛሬ እግዚአብሔርን፣ ልብስህን አቃጥያለሁና ማረኝ እለዋለሁ። ይምረኝ ይሆን፣ እትዬ?»

ልጄ፣ ባልሠራችው ኃጢአት ሠላሳ ሁለት ዓመት ንስሐ ገባች። እኛ አንድ ቀን እንኳ አልገባንም። «ይምርሻል» ብቻ ብዬ ወጣሁ። ሰውን ፈርቼ ዝም አልሁ፤ ደጅ ስወጣ የባሰው ፍርሃት ጠበቀኝ። አሁን ማታ ደጅ ሰው ሲያስል ብሰማ፣ እሷ ሳልነግራት ትሞትብኛለች ብዬ ነው የምደነግጠው። እኔም ብቀድም ያው ነው፤ በእግዚአብሔር ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ?

የስፌት መምህሬ በጠማማ ስፌት ላይ ስደርብ ከያዘችኝ ጣቴን በማስመሪያ ትመታኝ ነበር። «ከጀመርሽበት ተርትሪው» ትላለች። እኔ በሰው ፊት ነው የሰፋሁት፤ በሰው ፊት እተረትረዋለሁ። ቅዳሜ ለብቻዋ እነግራታለሁ፤ እሑድ ከጸሎቱ በኋላ በሁሉም ፊት እነሣለሁ። «ታዲያ ማን ተወው?» ማለታቸው አይቀርም። እንደገና አልዋሽም፤ ስምሽንም አልጠራም። እሱን ለአንቺ ትቼዋለሁ።

ያልደወልሁልሽ ሆን ብዬ ነው። ይህ ደብዳቤም ከእሑድ በኋላ እንደሚደርስሽ አውቃለሁ። ያኔም ያስማለኝ እንባሽ ነበር።

እግዚአብሔር እሱን የሚፈራ ልብ ይስጥሽ። ልጆችሽን እኔ አንቺን ከጠበቅሁበት በተሻለ ጠብቂያቸው።

የምትወድሽ እናትሽ

ልትጽፊላት ከፈለግሽ ከድሮው ስፌት ቤት ጀርባ፣ ሦስተኛው በር ነው። ፖስታው ላይ ግን ቃጠሎ ብለሽ እንዳትጽፊ። ፖስተኛው በሌላ ስም አያውቃትም፤ ጠይቆ ያግኛት።