ተቆርጦ ስላልጠፋው መብራት

ለተከበሩ የከተማችን የመብራት ጽሕፈት ቤት ሥራ አስኪያጅ
ሴቻ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤንነት፣ የቤተ ሰብዎን ደኅንነት፣ እንዲሁም ባለፈው ሳምንት ከቢሮዎ ውጭ ቆሜ ስጠብቅ በበሩ ሥር እየሾለከ እግሬን ያቀዘቀዘልኝን የአየር ማቀዝቀዣዎን ሁኔታ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔና ባለቤቴ ወይዘሮ አገርነሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ሰፈራችን ሲቀላ እንደሚያውቋት ሞቃት ናት፤ እኛም ሙቀቷን ያለ ማራገቢያ መቀበልን በጽሕፈት ቤትዎ ትጋት ተምረናል።

ከዚህ ቀደም በፖስታ አሽጌ ያስገባኋቸው ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ፣ ምናልባት ፖስታ መክፈት ከሥራ ድርሻዎ ውጭ ይሆናል ብዬ በመገመት ይኸኛውን ሳላሽግ፣ ማንም እንዲያነበው አድርጌ አቅርቤዋለሁ።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ ዘካሪያስ ኦይታ እባላለሁ። በገረሴ፣ በምዕራብ ዓባያ፣ በመጨረሻም በአርባ ምንጭ በፍርድ ቤት ሬጅስትራርነት አገልግዬ በጡረታ የተሰናበትሁ ሰው ነኝ። ባለጉዳዮች ከመፈረማቸው በፊት የሚፈርሙበትን ነገር ማንበባቸውን ሳረጋግጥ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። ይህን የምጠቅሰው ለመመካት ሳይሆን፣ ከታች እንደሚታየው ጽሕፈት ቤትዎ ፊርማ ሊቀበልበት የመጣው ቤት የማን ቤት እንደ ነበረ እንዲታወቅ ብቻ ነው።

ጎረቤቴ አቶ ኸይሩ ከጫሞ ሐይቅ የሚወጣ ዓሣ በጅምላ እየተረከበ ለሆቴሎች የሚያከፋፍል ነጋዴ ነው። ግቢዎቻችንን የሚለየው ግንብ አንድ ሲሆን፣ የሁለታችንም ቆጣሪዎች በዚያው ግንብ ላይ በአንድ የብረት ሣጥን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በእርሱ ግቢ ቀንና ሌሊት የሚሠሩ ትላልቅ የዓሣ ማቀዝቀዣዎች አሉ። በእኔ ግቢ ያሉት ጥቂት አምፖሎች፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ እንዲሁም ከመብራቱ መጥፋት የተነሣ ቁም ሣጥን ሆኖ የቀረ አንድ ፍሪጅ ናቸው። እንግዲህ አቤቱታዬን በቁጥር ለይቼ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

1ኛ/ ባለፈው ዓመት ባለሙያዎችዎ የድሮዎቹን ቆጣሪዎች አንሥተው አዲሶቹን ሲተክሉ፣ የእኔን ቆጣሪ በኸይሩ ስም፣ የኸይሩን ቆጣሪ በእኔ ስም መዝግበው ሄዱ። ሰው ይሳሳታል፤ በዚህ አልወቅስም። ከዚያ ወዲህ ግን ማቀዝቀዣዎቹ የሚበሉትን ኃይል ሁሉ እኔ እንድከፍል በየወሩ ቢል ይመጣልኝ ጀመር። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ከጡረታዬም ከልጆቼም አውጥቼ እየከፈልሁ አቤት አልሁ። በጽሕፈት ቤትዎ መስኮት በኩል ያነጋገረችኝ ልጅ በትሕትና አድምጣ «አባባ፣ ምናልባት እርስዎ ሳያውቁ ቤት ውስጥ በኤሌክትሪክ ምድጃ የሚያበስል ሰው ይኖር ይሆናል» አለችኝ። ይህን ለወይዘሮ አገርነሽ ብነግራት «ታዲያ ይህን ያህል ወር ሲያበስል አንድ ቀን እንኳ ቅመሱ አይልም?» ብላ እስከ ዛሬ ያንን ሰው እየተቀየመችው ትገኛለች።

2ኛ/ ኸይሩ በበኩሉ ቢሉ በድንገት አንሶ ቢያየው ደንግጦ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ሄደ፤ «አንሶብኛል፣ ተሳስታችኋል፣ ይታይልኝ» ብሎም አመለከተ። በመስኮቱ የነበሩት ሠራተኛ ባልደረባቸውን ጠርተው «ና እስኪ ይህን ሰው እየው» ካሉ በኋላ፣ ቅጹ የተዘጋጀው ለበዛበት ሰው እንጂ ላነሰበት ሰው አለመሆኑን አስረድተው፣ አላህን አመስግኖ ወደ ሥራው እንዲመለስ መክረውታል። ጽሕፈት ቤትዎ ከመብራት አልፎ መንፈሳዊ ምክርም እንደሚሰጥ ባለማወቃችን ይቅርታ እንጠይቃለን።

3ኛ/ በእኛ በጋሞዎች ዘንድ ክርክር ሲነሣ ሽማግሎች ዱቡሻ በተባለው አደባባይ ተቀምጠው ሁለቱንም ወገን በየተራ ያደምጣሉ። ቆጣሪ ወደ አደባባይ ስለማይሄድ ሽማግሎቹ ወደ ቆጣሪው መጡ። ዓርብ የኸይሩ፣ እሑድ የእኔ በመሆኑ ቅዳሜን መረጥን። ወንበሮች በግንቡ ሥር ተደርድረው ሣጥኑ በሁሉም ፊት ተከፈተ። እኔ የቤቴን ዋና ብሬከር አጠፋሁ፤ በእኔ ስም የተመዘገበው ቆጣሪ ግን ቀይ መብራቱን ብልጭ ድርግም ማድረጉን ቀጠለ። ቀጥሎ ኸይሩ ማቀዝቀዣዎቹን ቢያጠፋ ያ ቆጣሪ ቀጥ አለ። ከሽማግሎቹ ዋነኛው አቶ አጵሎስ «በሉ ሻዩን አምጡት» አሉ፤ ክርክሩ ሻዩ ሳይፈላ አልቆ ነበርና።

ይህንኑ በጽሑፍ ባሳውቅ፣ ባለሙያ ያልተገኘበት ሙከራ ዋጋ እንደሌለው ተነገረኝ። ባለሙያ ይላክልኝ ብል መኪና የለም ተባልሁ። ከሴቻ እስከ ሲቀላ ያለውን የሚኒባስ ሒሳብ እኔ ልክፈል ብል ይህ ጉቦ እንደሚሆን በጥብቅ ተነገረኝ። በሚኒባስ ሒሳብ እንኳ የማይደለል ጽሕፈት ቤት ስላለን ከተማችን ልትኮራ ይገባል።

4ኛ/ መክፈሉን ባቆምሁ ጊዜ ቆራጮችዎ መጡ። በቅንነት እመሰክርላቸዋለሁ፦ ሰላምታ ሰጥተው፣ በወረቀታቸው ላይ ያለውን ቁጥር በሣጥኑ ውስጥ ፈልገው፣ በእኔ ስም የተመዘገበውን ቆጣሪ መስመር ቆርጠው ሄዱ። እኔም የማቋረጫ ማስታወቂያውን ገና ባልጠፋው አምፖሌ ሥር ተቀምጬ አነበብሁት። ከግንቡ ማዶ ግን የማቀዝቀዣዎቹ ድምፅ ጸጥ አለ። የኸይሩ ባለቤት ሰኪና በግንቡ ላይ ብቅ ብላ «ጋሼ፣ የእናንተም ጠፋ እንዴ?» ብትለኝ፣ «የተቆረጠውስ የእኛ ነበር፤ የጠፋው ነው የእናንተ» አልኋት።

ዓሣው እንዳይበላሽ ያ ሁሉ ጭነት በዚያኑ ቀን ለሰፈሩ ተከፋፈለ። ሰው ሁሉ ዓሣ በላ፤ ጣፈጠኝ ያለ ግን አልሰማሁም፣ የማን ኪሳራ እንደ ነበረ ሁሉም ያውቃልና። ኸይሩ ይቀጠልልኝ ብሎ ቢሄድ ሠራተኞችዎ ኮምፒውተራቸውን ተመልክተው፣ ሒሳቡ የተከፈለ መሆኑን፣ መብራቱም እንዳልተቆረጠ፣ ስለዚህ ቤቱ ገብቶ እንዲያበራ ነገሩት። «ወንድሜ፣ እዚህ በርቷል እኮ ይላል» አሉት። ኸይሩም «እንግዲያውስ ዓሣውን እዚሁ ላምጣው» ብሎ ወጣ።

5ኛ/ ከሁሉ የከበደው ይህ ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሁለት ተቆጣጣሪዎች ምሽት ላይ መጥተው፣ መብራቱ በተቆረጠ ቤት ውስጥ አምፖል ሲበራ አዩ። እንደ ትምህርታቸው አሰላስለውም ኸይሩ በግንቡ ላይ ሽቦ አሻግሮ በሕገወጥ መንገድ እያበራልኝ ነው ወደሚል ድምዳሜ ደረሱ። የራሱ ቤት በጨለማ የተዋጠ ሰው ለጎረቤቱ ብርሃን ከየት አምጥቶ እንደሚያሻግር ብጠይቃቸው፣ ይህ በምርመራ የሚታወቅ ነው አሉኝ። ከዚያም ተጽፎ ያለቀ ወረቀት አወጡ። «ጎረቤቴ አቶ ኸይሩ መስመር ቀጥሎልኝ ስጠቀም ቆይቻለሁ» የሚል ነው። ብፈርም ዕዳው ሁሉ ወደ እርሱ እንደሚዞር፣ እርሱ እንደሚከሰስ፣ እኔ ግን በነጻ እንደምሰናበት በትሕትና አስረዱኝ። ታናሹ «ጋሼ፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፣ ይፈርሙና ይገላገሉ፤ እርሱ ነጋዴ ነው፣ ይችለዋል» አለኝ።

ክቡር ሆይ፣ የአገሩ ተወላጅ ለሆነ፣ ቤተ ክርስቲያንም ለሚሄድ ሽማግሌ በጎረቤቱ ላይ በሐሰት እንዲፈርም ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ደጁ ድረስ መምጣት ምን ማለት እንደ ሆነ የነገረዎት ሰው ያለ አይመስለኝም። አባቶቻችን እንዲህ ያለውን ነገር ጎሜ ይሉታል፤ ከሠሪው አልፎ በቤቱና በመንደሩ ላይ መዘዝ የሚያመጣ ነውር ነው። እኔ የምሄድበት ቤተ ክርስቲያን ሌላ ስም ይሰጠዋል፣ ኸይሩ የሚሰግድበት መስጊድም እንዲሁ። ሦስቱ በብዙ ነገር ባይስማሙም በዚህኛው አንድም ቀን ተለያይተው አያውቁም። በችሎት ወረቀት ላይ ሳያነቡ የፈረሙ ሰዎች መሬታቸውን ሲያጡ አይቻለሁ፤ አንብበው በሐሰት የፈረሙትንም አይቻለሁ። እነዚህኞቹ ያጡት ግን መሬት አልነበረም።

ስለዚህ አልፈረምሁም፤ ወደ ፊትም አልፈርምም። ተቆጣጣሪዎቹ እንደ ወጡም ተነሥቼ የቤቴን ዋና ብሬከር በገዛ እጄ ዝቅ አደረግሁት። የእኔ ሊቆረጥ በወጣ ትእዛዝ ጎረቤቴ ጨለማ ውስጥ ከተቀመጠ፣ እኔ በእርሱ ፈንታ በርቶልኝ ራት አልበላም። ቤቴ እነሆ ዛሬም ጨለማ ነው። ጨለማው ግን የራሴ ነው፤ ጽሕፈት ቤትዎ ከሠራቸው ሥራዎች መካከል እንዳያስመዘግቡት አደራ። ወይዘሮ አገርነሽ በመጀመሪያው ምሽት በዳበሳ ወንበር ስትፈልግ «ሽማግሌውም መብራት ቤት ሆነ፤ ደስ ሲለው ያጠፋል» ብላ ነበር። አሁን ግን ሰው ብሬከሩን ሊያነሣ ሲል እጁን የምትይዘው እርሷ ናት።

የምለምነው ከባድ ነገር አይደለም። አንድ ባለሙያ ይላኩልን፤ ሣጥኑን ይክፈት፣ ሁለቱን ቁጥሮች ያስተያይ፣ በየባለቤታቸው ስም ያስመዝግባቸው፣ የጎረቤቴን መስመር ይቀጥል። ይህን ደብዳቤ አንብቦ ከመጨረስ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። እርስዎም ራስዎ ቢመጡ ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሎቹ በግንቡ ሥር ይቀመጣሉ፤ በዱቡሻ ሥርዓት ማንም ሳይሰማ አይፈረድበትም፣ ተናጋሪንም የሚያቋርጥ የለም፣ የሚዘጋ መስኮትም የለም። ለአንድ ነገር ብቻ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ጥላ እንጂ አየር ማቀዝቀዣ የለንም።

እስከዚያ ድረስ ዓሣ ያቀዘቀዘውን ኃይል አልከፍልም፤ በኸይሩ ስም ላይ አንዲት ነጥብ አላሳርፍም፤ ብሬከሬም ከእርሱ ማቀዝቀዣዎች በፊት አይነሣም። ልትከሱኝ ብትሹ የፍርድ ቤቱን መንገድ አውቀዋለሁ። መዝገብ ቤቱን ያደራጀሁት እኔ ስለ ሆንሁ ባለሙያዎችዎ ክሳቸውን ከየት እንደሚያስገቡ ቢቸገሩ በደስታ አሳያቸዋለሁ።

ስላጠፋሁብዎ ውድ ጊዜ፣ ስለ ታጋሽነትዎና ከሁሉም በላይ ስለ ረጅሙ ዝምታዎ ከልብ አመሰግናለሁ። ተቆጣጣሪዎችዎ ይዘው ለመሄድ እጅግ የጓጉለትን ፊርማዬንም ከዚህ በታች አኑሬልዎታለሁ፤ አንብቤ፣ ገብቶኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የፈረምሁት ይህን ነውና በመዝገብዎ ውስጥ ያኑሩልኝ።

ለክብርዎ ተገቢውን አክብሮት፣ ለሥራዎም ተገቢውን ያህል ብቻ በማቅረብ፣

ዘካሪያስ ኦይታ (ፊርማ አለው)
ሲቀላ፣ አርባ ምንጭ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ እንደ ጨረስሁ የዚህ ወር ቢል ደረሰኝ። ባለሙያዎችዎ ቆርጠው የሄዱት፣ ወሩን ሙሉ አንዲት ጭላንጭል ያላለፈበት ቆጣሪ ካለፈው ወር አብልጦ መቍጠሩን ከቢሉ ተረድቻለሁ። እንኳን ደስ አለዎት። እንዲህ ያለ ቆጣሪ ለተገኘበት አገር ግድብ መሥራት ትርፍ ድካም መሆኑን ለበላይ አካል ቢያሳውቁ መልካም ነው።