ሳይጠቀሱ ስለሞቱት የቀንድ አውጣ ሊቅ

ለ«ዝግመት» የዝግመተ ለውጥ ሥነ ሕይወት መጽሔት ክቡር ዋና አዘጋጅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤና፣ ለመጽሔታችን ዕድገት፣ ለወንበርዎም ጽናት እየተመኘሁ፣ ባለፈው ሳምንት ከምክትልዎ ጋር ደረጃውን ሲወርዱ ሳላስበው ጆሮዬ የገባውን አንድ ቃል እንደወረደ በማመኔ የደረሰብኝን ሁሉ በአደባባይ ለማስረዳት ይህን ደብዳቤ መጻፌን በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ። ክቡርነትዎ ያሉት ይህንን ነበር፦ «የቀንድ አውጣው ሰውዬ እንደሆነ ሞቷል፤ ክፍሉ ምን ያደርግለታል?»

የቀንድ አውጣው ሰውዬ ያሏቸው መምህሬ ናቸው። ዛሬ በመጽሔትዎ አርታዒነት እንጀራ የምበላው እሳቸው ዓረፍተ ነገር እንዴት እንደሚቆም ስላስተማሩኝ ነው። ስለዚህ ቢሮዬን ዘግቼ ጥቂት አለቀስኩ፤ ከጎረቤቴ ጥቁር ሻርፕ ተዋስኩ፤ ቤታቸውም ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ ሟቹ ራሳቸው ነበሩ። በእጃቸው የሻይ ማንኪያ ይዘው ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ተመለከቱኝና፣ «ምነው ልጄ፣ ማን ሞተብሽ?» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ ለዚህ ጥያቄ ጨዋ መልስ የሚያውቅ ሰው በአማካሪ ቦርድዎ ውስጥ ካለ ለወደፊቱ ቢያስተምረኝ ደስ ይለኛል። እኔ «የሩቅ ዘመድ» አልኩ። እሳቸውም «ነፍስ ይማር» ብለው፣ ትከሻዬን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡኝ፤ በራሳቸው ሞት እኔን አጽናኑኝ።

በማግስቱ ነገሩን ለምክትልዎ ባጫውታቸው፣ ትን እስኪላቸው ስቀውብኝ፣ «አንቺ ደግሞ! ሞቷል ማለት እኮ ማንም አልጠቀሰውም ማለት ነው» ሲሉ አስረዱኝ። በቢሮአችን አዲስ አሠራር ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራው በሌሎች ጽሑፎች ያልተጠቀሰ ተመራማሪ «ሙት» በሚለው ረድፍ፣ የተጠቀሰው ደግሞ «ሕያው» በሚለው ረድፍ እንደሚገባ ያን ጊዜ ተረዳሁ። ሐኪሞች የልብ ትርታ ሲያዳምጡ በከንቱ መድከማቸው እያሳዘነኝ፣ ይህን የመሰለ የጠራ ፍች ላበረከቱልን ክቡርነትዎ የላቀ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ሆኖም ጥቁሩን ሻርፕ ሳልመልስ ጥቂት ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር ላሰማ።

፩. መጽሔታችን «ዝግመት» ይባላል። የምናጠናው ክንፍ ከየት እንደመጣ፣ እግር ለምን እንደጠፋ ነው፤ ከሚሊዮን ዓመት ወዲህ የሆነውን ነገር እንደ ትናንት ወሬ የምንቆጥር ሰዎች ነን። ይህ ሙያ በሁለት ዓመት ውስጥ በተለቀመ ጥቅስ እንዲመዘን መደረጉ ግራ ቢያጋባኝ የአስተዳደር ጥበብ ስለሚጎድለኝ ነው። መምህሬ ከጎረምሳነታቸው ጀምረው በአሮጌው የአትክልት ስፍራ ግንብ ላይ የሚኖሩትን ቀንድ አውጣዎች ሲመለከቱ ኖሩ። ፀሐይ በሚመታው የግንቡ ገጽ ያሉት ዛጎላቸው ከትውልድ ወደ ትውልድ እየነጣ፣ በጥላው ወገን ያሉት ደግሞ እየጠቆሩ መሄዳቸውን አሳዩ። ይህን ለማየት ግንቡ ሥር ቁጭ ብሎ መሸምገል እንጂ ሌላ አቋራጭ አልነበረም። ቀንድ አውጣዎቹ የመጽሔታችንን የኅትመት ጊዜ አክብረው ቶሎ ቶሎ ባለመንጣታቸው በእነሱ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፪. በዓመታዊው ስብሰባ ላይ ያቀረቡልን «የምርምር አዝማሚያ» የተሰኘው ጥናት አፌን አስከፍቶኛል። በተለይ ደጋግመን የጻፍነው ቃል ገዝፎ፣ የተውነው ቃል ኮስሶ የሚታይበት ያ ባለቀለም ሰሌዳ! «ጂኖም» የበር ያህል፣ «ሞዴል» የመስኮት ያህል ሆነው ግድግዳውን ሞልተውታል። «ቀንድ አውጣ» የሚለውን ቃል ያገኘሁት ከታች፣ በስተግራ ጥግ ነው፤ ያውም ምክትልዎ «ዝንብ ናት እንዴ የቆሸሸችብን?» ብለው እጅጌያቸውን ምራቅ አስነክተው ሊጠርጉት ሲታገሉ። ቃሉ አልለቀቀም። እኔም በሆዴ ኮራሁበት፤ ነገር ግን ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ከሰዉ ጋር አብሬ ሳቅሁ።

ከዚያ ስብሰባ ወዲህ የሚደርሱን ጽሑፎች ሁሉ «ጂኖም» የሚል ካባ ደርበው ነው የሚመጡት። ስለ እንቁራሪት ጩኸት የጻፈች አንዲት ትጉህ ተመራማሪ፣ ከርእሷ በቀር አንዲት ፊደል ሳትለውጥ «የእንቁራሪት ጩኸት በጂኖም ዘመን» ብላ መልሳ ልካልን በደስታ ተቀብለናታል። በያዝነው ዓመት ጥናትም ቃሉ የበለጠ አድጎ ተገኘ። አዝማሚያውን ለካነው፤ አዝማሚያውም መለካቱን ሰምቶ ደረቱን ነፋ። ይህ ለመስኩ ትልቅ ግኝት ይመስለኛልና ቢታተም።

፫. በቋንቋችን «ጠቀሰ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ አለው፤ ሰው መጽሐፍ ይጠቅሳል፣ ሰው በዓይኑም ይጠቅሳል። እስከ ቅርብ ጊዜ ሁለቱን ለይቼ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። ክቡርነትዎ ለጸሐፊዎች በምንልከው መልስ ውስጥ «በመጽሔታችን የወጡ ሥራዎችን ጨምረው ቢጠቅሱ ጽሑፍዎ ይበልጥ ይዳብራል» የምትል ዓረፍተ ነገር እንድትገባ ካዘዙ ወዲህ ግን ተምታቶብኛል። ጸሐፊዎቹ ይገባቸዋል፤ ይጠቅሳሉ። የጎረቤት መጽሔት አዘጋጅ የሆኑት ወዳጅዎም ይጠቅሱናል፤ እኛም ውለታ አናስቀርም። ጎረምሶች በመንገድ ዳር ሲያደርጉት ጥቅሻ የምንለው ነገር ሊቃውንት ሲያደርጉት ተጽዕኖ እንደሚባል ስላሳወቁን ዕድሜ ይስጥልን። ዓረፍተ ነገሯን ያረቀቅኋት እኔ መሆኔን ግን መሸሸግ አልወድም። «ያልፋል» ከሚል «ይዳብራል» ይሻላል ብዬ የመረጥኩትም እኔው ነኝ።

፬. በመግቢያው ደረጃ ላይ በመስተዋት ተከብሮ የተሰቀለው «የመጽሔታችን ኩራት» የሚለው ጽሑፍ ይነሣልኝ። ጽሑፉ የወንዝ ዓሣ ጅራት የሚያጥረው በውኃው ቅዝቃዜ ምክንያት ነው ይላል። አይደለም። የሚያጥረው ሌሎች ዓሣዎች ስለሚነክሱት ነው። ይህ ከታወቀ ወዲህ ስለ ዓሣ ብዕር ያነሣ ተመራማሪ ሁሉ፣ «ጅራትን በችኮላ ከብርድ ጋር ያገናኘውን ስሕተት ይመልከቱ» እያለ አንባቢውን ያስጠነቅቃል። ማስጠንቀቂያው ሁሉ እንደ ጥቅስ ይቆጠራል፤ የምንተማመንበት ማሽን ሙገሳን ከዘለፋ አይለይምና። እነሆ በመጽሔታችን ታሪክ እንደዚያ ጽሑፍ የተጠቀሰ የለም።

ጽሑፉ የእኔ ነው። ማረሚያ ልጻፍበት ብዬ ክቡርነትዎን ባስፈቅድ፣ «ተይው፣ እየሠራልን ነው» ብለው መከሩኝ። ተውኩት። በየጠዋቱ በሥሩ የማልፈው ጫማዬን እያየሁ ነው። እኅቴ ልትጠይቀኝ መጥታ «እንዴ፣ አንቺ ነሽ? አንቺ ጉደኛ!» ብላ አጠገቡ ቆማ ፎቶ ተነሣች፤ ፎቶውን እናታችን አሳጥባ ሳሎኗ ውስጥ ሰቅላዋለች። ስለዚህ ያ ዓሣ አሁን በሁለት ግድግዳ ላይ በርዶታል። ለእናቴ ዓሣው ተነክሶ ነው ብዬ ለመንገር ብዙ ጊዜ ተነሥቼ፣ እሷ ለእንግዶቿ ስታሳይ እያየሁ ተቀምጫለሁ።

፭. ይህን ልተወው ፈልጌ ነበር፤ አልሆነልኝም።

መምህሬ ቤት በጥቁር ልብሴ በተቀመጥኩበት፣ ጠረጴዛው ላይ ክቡርነትዎ የፈረሙበት ደብዳቤ ተዘርግቶ ነበር። የግንቡን ቀንድ አውጣዎች የሚመለከተውን፣ የዕድሜያቸውን ሥራ አናትምም ያልንበት ደብዳቤ ነው። መነጽራቸውን አድርገው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡልኝ፦ «ጥናቱ ጥልቅ ቢሆንም፣ አካሄዱ ዘገምተኛ በመሆኑ፣ ለ‹ዝግመት› መጽሔት የሚመጥን ሆኖ አላገኘነውም።» ከዚያ ሳቁ። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ እየጠረጉም፣ «የጻፈው ሰው ግን ቋንቋ ያውቃል» አሉ። «ሲገፋ እንኳ በለሰለሰ እጅ ነው። ነጠላ ሰረዟን አየሻት? እኔ ያስተማርኩት ልጅ ሳይሆን አይቀርም።»

የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ክቡር ሆይ። እርስዎ «በጨዋ ቃል አሰናብቺልኝ» አሉ፤ እኔም በጨዋ ቃል አሰናበትኩ። ያን ዕለት በ«ዘገምተኛ» እና በ«ዝግመት» መካከል ያለው ነገር አልታየኝም፤ የታየኝ የነጠላ ሰረዙ ቦታ ብቻ ነበር። መምህሬ ግን ፊቴን ሲያዩ የሩቅ ዘመዴ ሐዘን መስሏቸው ሻዬ ላይ ስኳር ጨመሩልኝ። ጠጣሁት።

ከዚያም ስለ ክፍላቸው አነሡ። ከቤተ መጻሕፍቱ በስተጀርባ ያለውን ክፍል ክቡርነትዎ ምናልባት በር ላይ ቆመው አይተውት ይሆናል፤ እስከ ጣሪያው መሳቢያ ነው፣ በየመሳቢያው ዛጎሎች በጥጥ ላይ በየዓመታቸው ተደርድረው ተኝተዋል፣ ወለሉ ወንበራቸው ከሚመላለስበት ላይ ተበልቶ ጎድጉዷል። አዲሱ መመሪያዎ ክፍሉ በዓመቱ ከሁሉ በላይ ለተጠቀሰው ባልደረባ ይሰጥ ይላል። «ጽሑፉ ቢወጣ እኮ አይነኩብኝም ነበር» አሉኝ። «አሁን ዛጎሎቹን ወደ ቤት ላምጣ ብል ባለቤቴ እኔንም ከነዛጎሌ ታስወጣኛለች።» ባለቤታቸው ከጓዳ ሆነው፣ «አንተን ብቻ ነው የማስወጣው! ዛጎሉማ ምን አደረገኝ፣ አይናገር!» ብለው መለሱ። ሦስታችንም ሳቅን። ስወጣ መምህሬ እስከ በሩ ሸኙኝና፣ መጽሔቱ ቢሮ የማውቀው ሰው ካለ አንድ ቃል እንዳስገባላቸው ለመኑኝ። የምሠራው የት እንደሆነ ረስተውት እንዳይመስልዎ፤ ያውቃሉ። እንዳላፍር ብለው ነው።

ስለዚህ ያን አንድ ቃል እነሆ አስገባሁ። ጽሑፋቸው ይታተም፤ ይህ ከክብራችን ዝቅ የሚል ከሆነ ደግሞ ቀንድ አውጣዎቹ የጀመሩትን እስኪጨርሱ ክፍላቸው አይነካ። መግፊያውን ደብዳቤ ያረቀቀች እጅ መልሳ ለልመና ስትዘረጋ አስተዛዛቢ መሆኑን ሳልረዳ ቀርቼ አይደለም። ክቡርነትዎ ግን ስንትና ስንት የማያምር ነገር በትዕግሥት አልፈው ለዚህ ደረጃ የበቁ ሰው ስለሆኑ፣ ይህችንም እንዳላዩ ሆነው ያልፏታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

የሰጡኝን ዱላ ሁሉ በጥጥ ጠቅልዬ የማደርስ፣ ነጠላ ሰረዝዎን በየቦታው የማስቀምጥ፣ በጎ ፈቃድዎንም በግንቡ የጥላ ወገን ሆኜ ቀንዴን ሰብስቤ የምጠባበቅ፣

ታማኝ አርታዒዎ

ማከያ፦ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ መምህሬን ከላይ እስከ ታች ስለጠቀስኳቸው፣ በራስዎ መመሪያ መሠረት ከዛሬ ጀምሮ በሕይወት አሉና ስማቸው ከሙታን ረድፍ እንዲነሣልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ። ክቡርነትዎን ግን በዓይኔም ሆነ በብዕሬ በስምዎ ሳልጠቅስ የቀረሁት በድፍረት እንዳይቆጠርብኝ፤ ለጤናዎ የሚያሰጋ ከሆነ ያሳውቁኝ። መሳቢያዎቹን በተመለከተ፣ ሰኞ የሚመጡት ተሸካሚዎች ሳያዘነብሉ ቀጥ አድርገው እንዲይዟቸው ነግሬያቸዋለሁ። በዓሣዬ ጥቅስ ብዛት የደረሰኝን የክፍሉን ቁልፍ ትናንት ፈርሜ ተረክቤያለሁ።