ዲስኩን የሞላው ዝምታ

ውድ ጆሮዬ፣

እንዴት ነህ? እህትህስ? ልጆቿስ? በዚህ ስም ስጠራህ ቅር እንዳይልህ። ድምፃችንን ስትቀዳ ስቱዲዮው ውስጥ ሁላችንም "ጆሮ" ስንልህ ኖረናል፤ ጆሮህ ከዳህ ተብሎ ስምህ አይቀማም። ትናንት ደውዬልህ ነበር። እህትህ "ስልክ አሁን ጨርሶ አይሰማም፣ ጻፊለት" አለችኝ። እሷ ቀድማ እንዳታነበው ብቻ።

ነገሩ የመጣው ከኮምፒውተርህ ነው። አዲሱን መጽሐፍ ላነብ ማይክ ፊት ተቀምጬ፣ የመጀመሪያውን ምዕራፍ እንኳ ሳልጨርስ "ዲስኩ ሞልቷል" ብሎ ቀጥ አለ። ያለቁትን መጻሕፍት ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጬ አጠፋሁ። የተሰረዙት የሚጠራቀሙበትንም ቅርጫት አራገፍኩ። ጠብ የሚል ነገር የለም! የማያቸው ፋይሎች ተደምረው የዲስኩን ሲሶ አይሞሉም፤ የቀረውን ማን በላው? አሳታሚው ደግሞ "ዓርብ ካልደረሰ ለሌላ አንባቢ እሰጠዋለሁ" ብሎ አፋጦኛል።

የኮምፒውተር ጠጋኙን ጠራሁት፤ ያንን ሲሠራ ማንጎራጎር የማይተወውን፣ ቀረጻ ላይ ስንሆን ከበር የምትመልሰውን። እያንጎራጎረ ጎርጉሮ ጎርጉሮ አንድ የተደበቀ ፎልደር አወጣ።

"ቫይረስ ነው?" አልኩት።

"ቫይረስ አይደለም እህቴ፣ የድምፅ ቅጂ ነው።" አንዱን ከፈተው፤ ምንም አይሰማም። ሌላውን ከፈተ፤ እሱም ያው። "ባዶ ነው፣ ላጥፋው?"

"ባዶ ነገር እንዴት ይሄን ሁሉ ቦታ ይይዛል?"

"ማሽኑ ምን ቸገረው! ብታወሪም ዝም ብትዪም እኩል ነው የሚመዘግበው።"

ያኔ ገባኝ። ያንተ ዝምታ ነው። ንባብ ከመጀመሬ በፊትም ከጨረስኩ በኋላም ከመስታወቱ ወዲያ እጅህን ታነሳና "አትተንፍሺ" ትለኛለህ። የክፍሉን ዝምታ ትቀዳለህ፤ ሳሌን ወይም የወረቀት ኮሽታዬን ቆርጠህ ስታወጣ ክፍተቱን የምትደፍነው በሱ ነው። "የትናንቱ ለዛሬ አይሆንም፣ ክፍሉ በየቀኑ ሌላ ነው" ትል ነበር። ዓይን ለዓይን እየተያየን ዝም እንላለን። ስንቴ በሳቅ አበላሸሁብህ! ሳቄ የመጣው ግን አንተን ሳይ ስለማፍር ነበር። ያቺን ደቂቃ ስጠብቅ ነበር የምውለው።

የመጨረሻዎቹ ቅጂዎች ረጃጅም ናቸው። ያቺ የመቅጃው ማቆሚያ ቁልፍ አንዳንዴ አትይዝም፤ መያዟን የምታውቀው ጢጥ ስትል ነው። ጠጋኙን ሻይ ጠጣ ብዬ አስወጣሁትና ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። የክፍሌን በር ስከፍት ይሰማል፤ አንተ ቁልፏን ትጫናለህ። ጢጥ የለም። ወንበርህ ይንሿቀቃል፣ ጃኬትህን ታነሳለህ፣ እርምጃህ ወደ በሩ ይሄዳል። ማሽኑ ይቀዳል። ከዚያ የራሴን ድምፅ ሰማሁ።

"ዛሬ እንኳ ትንሽ ቆይ። እወድሃለሁ እኮ።"

ያን ቀን አስታወስኩት። ከጀርባህ ሆኜ ነበር የተናገርኩት፤ ፊትህን እያየሁ ማለት አቅቶኝ። ሳትዞር፣ ሳትቆም፣ በሩን ዘግተህ ሄድክ። ሰምተህ እንዳልሰማህ የሆንክ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ኮራሁብህ፣ ሰላምታዬን እንኳ አሳጠርኩብህ። "ጆሮዬ ደክሟል" ብለህ ሥራ ስትለቅም ከእኔ ለመሸሽ የፈጠርከው ሰበብ ነው ብዬ መሰናበቻህ ላይ አልተገኘሁም። ስንት ሰው በሰው መጽሐፍ ውስጥ ፍቅሩን ሲናገር በዚህ አፌ አንብቤለታለሁ፤ የራሴን ግን ለጃኬትህ ነው የነገርኩት።

ጆሮህ ቢሰማ ኖሮ ጢጧ አለመምጣቷን ታውቅ ነበር፤ ተመልሰህ ትጫናት ነበር። አንተ ማሽን ክፍት ትተህ የምትሄድ ሰው አይደለህም። ያኔም አትሰማም ነበር ማለት ነው። ማንም እንዳያውቅብህ ብቻህን ይዘኸው ነበር። እኔ ደግሞ በኩርፊያ ጨመርኩልህ።

ጠጋኙ ሲመለስ "እሺ፣ ላጥፋ?" አለኝ።

"ሌላውን አጥፋ፣ ይቺን ተዋት።"

"ይቺ እኮ ናት ትልቋ!"

"ተዋት አልኩህ።"

ዲስኩ ተነፈሰ፤ መጽሐፉም ለዓርብ ይደርሳል። ዛሬ ጠዋት የክፍሉን ዝምታ ራሴ ቀዳሁ። ከመስታወቱ ወዲያ ባዶ ወንበርህ ብቻ ነበር። ሳቅ ሳይሆን ሌላ ነገር መጥቶብኝ እንደገና መጀመር ነበረብኝ። ናፍቀኸኛል፤ እጅህን ስታነሳ ማየት ናፍቆኛል።

አሁን እንግዲህ ፊት ለፊትህ ነኝ፤ ጆሮም አያስፈልግህም። እወድሃለሁ። አንብበህ እምቢ ማለት መብትህ ነው። እስከ ዛሬ ግን እምቢ እንዳላልከኝ አውቄያለሁ፤ ይህን ካወቅኩ ወዲህ እንቅልፍ ይወስደኛል።

መልስህን ጻፍልኝ። ወይም አትጻፍ፤ ና እና ከመስታወቱ ወዲያ እጅህን አንሳ፣ እኔ ዝም እላለሁ።

ከመስታወቱ ወዲህ ያለችው አንባቢህ