ጭራ የነበራት ልጅ

ይድረስ ለእማዬ፤ እንዴት ነሽልኝ? እኔን ከናፍቆትሽ ሌላ የሚያመኝ የለም።

ልብስ ስፌት ቤታችን ትልቅ መስታወት ገባ፤ ጀርባዬን ሰጥቼ ጠባሳዬን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። «ጭራ ነበረሽ፣ ሐኪም ቆረጠልሽ» ስትይኝ አምኜ ስንት ጉራ ነዝቻለሁ! ለካ በጨቅላነቴ ከጭራ አጥንቴ ላይ የወጣልኝ ዕጢ ነው፤ አክስቴ ነገረችኝ። ሐኪሙ ግን ምን ዓይነት ሰፊ ነው! በምን ክር ሰፍቶት ይሆን?

ማሽኔን ወደ መጸዳጃ ቤቱ በር አዛውሬዋለሁ፤ እዚያ ብርሃኑ ይሻላል። የምለብሰውም ጥቁር ቀሚስ ብቻ ሆኗል፤ ያቀጥነኛል።

አንዲት ደንበኛዬም እንደኔው በጨቅላነቷ ዕጢ ወጥቶላታል። ሐኪሙ ያኔ «ስታድግ ሽንቷን መቆጣጠር ያቅታት ይሆናል» ብሎሽ ከሆነ ጻፊልኝ፤ ለእሷ ነው። አደራ፣ እንዳትደብቂያት። ልኳን ወስጃለሁ፤ ከእኔ ልክ ጋር አንድ ነው።

ጉንጭሽን እያገላበጥኩ የምስምሽ፣
ጭራ የነበራት ልጅሽ