አንድ ብርጭቆ ቀይ ወይን ስንት ብረት አለው?

ዓርብ፣ ጥቅምት 7፤ ከቀኑ 11 ሰዓት

ክፍል አለቀ። ስምንት ተማሪ መጣ፣ አንዷ ቀረች፤ አሠሪዋ እንግዳ ስላለባት አልለቀቀቻትም። ሰሌዳውን አጠፋሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የምታቆመኝ ይህች የዓርብ ክፍል ናት። በሰው ቤት ተቀጥረው እዚያው የሚያድሩ የአገሬ ልጆች፤ ሒሳብ፣ ፈረንሳይኛ፣ ትንሽ ሳይንስ።

ብርቄ ከሌሎቹ ወደ ኋላ ቀረች። ሄሮን ሰፈር፣ ከአንዲት ፈረንሳዊት ቤት የምትሠራዋ። ፊቷ ገርጥቷል። ደም ማነስ ነው፤ ሐኪም የብረት እንክብል አዝዞላታል። ሁለት ወር ዋጠች፤ የሄሞግሎቢን ውጤቷ ከ9.1 ንቅንቅ አላለም። ማዳም ክፉ አይደለችም። ደም ይሠራል እያለች በየቀኑ እራት ላይ አንድ ብርጭቆ ቀይ ወይን ትቀዳላታለች። ግን በኅዳሩ ምርመራ ካልጨመረ ከናጋድ ጣቢያ በባቡር ወደ አገሯ ልትሸኛት፣ በቦታዋም ሌላ ሰው ልትቀጥር ነው። ሁለት ታናናሾቿን የምታስተምረው ብርቄ ናት።

እንክብሉን በምን እንደምትውጠው ጠየቅኳት።

«በወይኑ ነዋ ቲቸር! ሁለቱም ለደም አይደሉ?»

በሠላሳ አራት ዓመት መምህርነቴ እንዲህ ያለ መልስ አልሰማሁም። ስህተቱ እኮ አመክንዮ አለው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8፤ ጧት

የምግብ ይዘት መጽሐፌን አወጣሁ። ቀይ ወይን፣ በ100 ሚ.ሊ.፦ ኃይል 85 ኪሎ ካሎሪ። ካርቦሃይድሬት 2.6 ግ.፤ ከዚያ ውስጥ ስኳሩ 1 ግ. አይሞላም። ፕሮቲን የለም ማለት ይቻላል። ስብ የለም። ፖታሲየም 127 ሚ.ግ.። ብረት 0.46 ሚ.ግ.።

ስለዚህ ማዳም ጨርሳ አልተሳሳተችም፤ ብረት አለው። ለእውነት መፍረድ ነው። ኃይሉ ግን አብዛኛው ከአልኮሉ ነው። ሌላም አለ፦ አፍ የሚያደርቀው ታኒን ብረትን ይይዛል፣ ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋል። እንክብሉ የቀለጠው በከንቱ ነው።

ሠንጠረዥ ሠራሁ። ብርጭቆውን 150 ሚ.ሊ. ብዬ ያዝኩ። በማስመሪያ አሰመርኩ። አማረ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14፤ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል

እጄ ገና ጠመኔ ነው። አንቺ ማስታወሻ፣ ዛሬ የሆነውን ስሚ።

ሰሌዳው ላይ «ቀይ ወይን» ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩ ሠንጠረዤን ገለበጥኩ። የማስተምርበት መጋዘን የሐጂ ነው፤ የድሬዳዋ ነጋዴ፣ ካርቲየ 2 የሚባለው ሰፈር ሱቅ ያለው፤ ክፍሉን በነጻ የሰጠን። በበሩ ብቅ አለ፣ አነበበ።

«አቦ መምህር! መጋዘኔን ግሮሰሪ አደረግከው እንዴ?»

ጠብታ እንደማይገባ ማልኩለት። ስቆ ሄደ፤ ግን ሁለቴ ዞሮ አየ።

ጥያቄ ሰጠሁ። አንዲት ሴት በቀን 18 ሚ.ግ. ብረት ያስፈልጋታል። ሁሉንም ከወይን ታግኝ ብንል ስንት ትጠጣ? ሁሉም ደብተሩ ላይ አጎነበሰ። እርሳስ ብቻ ይሰማል። ብርቄ እጇን አወጣች፤ 3.9 ሊትር፣ ከአምስት ጠርሙስ በላይ። ትክክል!

«ደሟ እስኪሞላ እሷ ወድቃ ትገኛለቻ!» አለች ከኋላ የምትቀመጠው ዘሀራ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ብርቄ እጇን አላወረደችም።

«ቲቸር ይቅርታ፣ ብርጭቆው 150 አይደለም።»

በውሃ ለክታው ኖሯል። በማዳም ሕፃን ጡጦ! ጡጦው ላይ ሚ.ሊ. ተጽፏል። 250 ሞላ። የብርጭቆ ዓምዴ በሙሉ ስህተት። እኔ መች ለካሁ? ገመትኩ። ተማሪ ቢገምት ዜሮ የምሰጥ ሰው!

መጀመሪያ ከፋኝ። አልዋሽሽም። ቀጥሎ ጠመኔውን ሰጠኋት። በሁሉም ፊት መሳሳቴን ተናገርኩ፣ ዓምዱን አጠፋሁ፣ እሷ ሠራችው፦ 212 ኪሎ ካሎሪ፣ ብረት 1.15 ሚ.ግ.፣ አልኮል 25 ግ. ገደማ። ያውም በየማታው። አንድ ነጥብ አልሳተችም። በመምህርነት ዘመኔ እንዲህ ደረቴ የተነፋበት ቀን ጥቂት ነው።

ታኒን ብረቱን እንደሚይዝ ካስረዳሁ በኋላ፣ ወይኑ ይቅር የሚል ደብዳቤ ለማዳም በፈረንሳይኛ ልጻፍልሽ አልኳት። እምቢ አለች፤ ራሷ ትነግራታለች። ፈራሁ። እኛ የተቀዳልንን መመለስ ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። ሁለት ወር ሙሉ የጠጣችው ወዳው አይደለም፣ አፍራ ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ደወለች። ተናግራለች! ማዳም መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ አኮረፈች፤ አያቷ በወይን ነው አሉ ያሳደገቻት። ብርቄ ሠንጠረዡን ዘረጋች። ማዳም መነጽሯን አድርጋ አነበበች፤ ማን ነው የሠራው ብላ ጠየቀች።

ብርቄ «እኔ» አለቻት።

የእኔን ስም ሳታነሳ! ቅር ሊለኝ ነበር። ግን የብርጭቆው ዓምድ የማን ነው?

ከዛሬ ጀምሮ፦ እንክብል ጧት በባዶ ሆድ፣ በሎሚ ጭማቂ። ሻይ ከሁለት ሰዓት በኋላ። እራት ላይ ምስር፣ ሲገኝ ጉበት። ወይን የለም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ፊቷ ወዝ አለው። ወይስ እኔ ስለተመኘሁ? በዓይን መለካት ክልክል ነው። ምርመራው ሐሙስ። ካልሠራስ? ሌላ በሽታ ቢሆንስ?

ሐሙስ፣ ኅዳር 18፤ ከቀኑ 8 ሰዓት

ከአምቡሊ ክሊኒክ በቀጥታ መጋዘኑ፣ እኔ ዘንድ መጣች፤ ላብ በላብ። ማዳም ውጪ መኪና ውስጥ ትጠብቃታለች፤ እስከዚህ እሷው ናት ያደረሰቻት። ወረቀቱን ተቀብዬ ስሟን፣ ቀኑን፣ የመለኪያ አሃዱን አየሁ። ከዚያ ቁጥሩን።

11.4።

«ገና ነው፤ 12 መግባት አለበት» አልኳት። ቁጥሩን ግን ደግሜ አነበብኩት። እሷ ሳቀች፣ ቀጥላ አለቀሰች። ናጋድ ቀርቷል። ማዳም ውሏን ታድሳለች፤ እንክብሉም ሐኪሙ እስኪያስቆም ይቀጥላል።

ሰላም ልላት ወጣሁ። ማዳም ከመኪናው ወረደች፣ እጄን ጨበጠች፤ ብርቄን የት አስተማርካት አለችኝ። የሐጂን መጋዘን አሳየኋት። የሩዝ ጆንያ፣ አንድ ሰሌዳ። ምንም አላፈርኩም።

ወሰንኩ። ከነገ ጀምሮ ሳይንሱን የምታስተምረው ብርቄ ናት። እኔ ከኋላ፣ ከዘሀራ ጎን እቀመጣለሁ። ከተሳሳተች እጄን አወጣለሁ።