ለቋሚ የተተከለ ድንኳን

እማዬ፣

ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ሆዴን ዳብሰሽ «ብቻ ውለጂልኝ፣ ማሳደጉን ለእኔ ተዪው» ብለሽኝ ነበር። እኔ ወለድኩ፣ አንቺ ግን ሳታዪያት ሄድሽ። ሜሮን ትባላለች፤ ግንባሯ ያንቺ ነው፣ እልኸኝነቷም እንዲሁ። ስትቆጣ አንቺ የመጣሽ ስለሚመስለኝ አንዳንዴ ሆን ብዬ አበሳጫታለሁ።

የወሊድ ፈቃዴ ሲያልቅ ጨነቀኝ። አየር ጤና የምሠራበት የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ባለቤት ወይ ትመጫለሽ ወይ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ አለኝ። ባሌ ደረጀ እንደምታውቂው ታክሲውን ይዞ የሚወጣው ገና ሳይነጋ ነው። ደላላው ያመጣልን የመጀመሪያዋ ሞግዚት ደመወዟን በተቀበለች ማግስት ጠፋች። ሁለተኛዋ ደግሞ ልጅቷን ቴሌቪዥን ፊት አስቀምጣ ስልክ ስታወራ ትውላለች። ዓለም ባንክ ግድግዳው ላይ ቀጭኔ የተሳለበት ደስ የሚል የሕፃናት ማቆያ አገኘሁ። ዋጋውን ሲነግሩኝ ግን ወሩን ሙሉ ለእነሱ ሠርቼ የታክሲ ብቻ እንደሚተርፈኝ ገባኝ። ሥራውን ልተወው ነበር፣ እማዬ። ጉልት ተቀምጠሽ ያስተማርሽኝ ቤት እንድውል እንዳልሆነ ሳስብ አለቀስኩ።

ከዚህ ጭንቀት ያወጡኝ ወዳጅሽ እትዬ ዘይነባ ናቸው። የእድራችን ስብሰባ ላይ ተነስተው፣ ያ ሁሉ ወንበርና ድስት ሰው እስኪሞት አቧራ ከሚጠጣ፣ የእድሩን ቤት አጽድተን ሥራ የሚውሉ እናቶችን ልጆች እንያዝበት አሉ። ወላጆች የአቅማችንን እንድንከፍል፣ እሳቸውም ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ልጆቹን ሊጠብቁ ሐሳብ አቀረቡ። አንዳንድ ሽማግሌዎች የለቅሶ ዕቃ ባለበት ልጅ ማዋል ሟርት ነው ብለው ተቃወሙ። እትዬ ዘይነባ ያንቺን አባባል አመጡባቸው፤ መዋጮ በከፈልሽ ቁጥር «እኔ የምከፍለው ለሟች አይደለም፣ ለቋሚ ነው» ትዪ የነበረውን። የእድሩ ዳኛ ጋሽ በየነ ሳቁና ሟቿ ራሷ ከተናገረች እኛ ምን እንላለን ብለው ቁልፉን ሰጡ። ሞተሽም ክርክር አትሸነፊም።

ክረምቱ ሲገባ የቤቱ ቆርቆሮ አፈሰሰና የእድሩን ድንኳን ግቢው ውስጥ ተከሉት፤ አንቺን ያለቀስንበትን ያንኑ። ወንድምሽ ጋሽ ለማ ከሳንሱሲ ሊጠይቁን መጥተው ፌርማታው ላይ እንደወረዱ ድንኳኑን አዩት። የእድሩ ግቢ ከቤታችን አጠገብ ነውና ከእኛ ቤት ሰው የሞተ መስሏቸው «ወይኔ ልጄን» እያሉ፣ ደረታቸውን እየደቁ ገቡ። ሕፃናቱ ፍራሽ ላይ ተኝተው ነበር። ሁሉም ባንዴ ነቅተው አብረዋቸው አለቀሱ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እንዲህ የደመቀ ለቅሶ ላንቺም አልተለቀሰም። እትዬ ዘይነባ በስንት እሹሩሩ ያስተኟቸውን ልጆች ስላስነሱባቸው ተቆጥተው አንዱን አሳዘሏቸው። አሁን ጋሽ ለማ በየሳምንቱ ይመጣሉ፤ ልጅ ሳዝል ጉልበቴን አያመኝም ይላሉ።

ትናንት ሱቅ ውስጥ ደንበኛ እያስተናገድኩ እትዬ ዘይነባ ደወሉልኝ። ልጄ አንድ ነገር የሆነች መስሎኝ በጥድፊያ አነሳሁት። ለካስ የድንኳኑን ምሰሶ ይዛ ብድግ ብላለች። ቋሚዋ ቆመችልሽ ብለው ሳቁ። ደንበኛው የፍሬን ሸራ ጠይቆኝ የዘይት ፊልትሮ ሰጥቼው ኖሯል።

እንድታዪያት በጣም ፈልጌ ነበር፣ እማዬ። ናፍቀሽኛል። መዋጮሽን አሁን የምከፍለው እኔ ነኝ፤ በከፈልኩ ቁጥር ስምሽን ሳልጠራ አልመለስም፣ ሜሮንም አፏን ስትፈታ እንድትጠራው አደርጋለሁ። ጠዋት ጠዋት ድንኳኑ በር ላይ ለእትዬ ዘይነባ አቀብያት ሳታለቅስ ትገባለች፤ እኔም ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። ማሳደጉን ለእኔ ተዪው ብለሽኝ አልነበር? ይኸው ትቼልሻለሁ።

ልጅሽ